ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ፦ ከድግሱ በፊትና በኋላ ያየነው፣ የቀመስነው

የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሚጻፈው ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹና ሰዓቱ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጣ እንግዳ ግን ከአዳራሹ ውጪ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበልጣል። ይህን ጊዜ ሆቴል ተኝቶ መግፋት፣ ወይም የደጋሹን ቤት በረንዳ ሞልቶ መዋል ለማንም አይበጅም። የሙሽራ እናት ድንኳን ተካዩንም፣ ሽንኩርት ከታፊዎቹንም፣ ጠላውንም ስትቆጣጠር በምትውልበት ሰሞን «እንግዶቹን ማን ያስጎብኛቸው?» የሚል ሐሳብ ሊጨመርባት አይገባም። እንግዳ ራሱን ቢያስጎበኝ ለደጋሹ ትልቅ እርዳታ ነው። በጥር ወር የጓደኛዬ ታናሽ እህት ድሬዳዋ ላይ ስትዳር፣ እናቴንና ሁለቱን የአክስቴን ልጆች ይዤ ቀደም ብዬ የሄድኩት በዚህ እምነት ነው።

ሐሙስ

ባቡሩን የመረጠችው እናቴ ናት። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ በአውቶቡስ ከሆነ በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ ተራሮች ሲጠማዘዙ መዋል ነው። እሷ ግን በልጅነቷ በአሮጌው ባቡር ያየችውን አገር በአዲሱ ደግማ ማየት ፈለገች። ማለዳ ከለቡ ተነሣን። አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ በአንድ ወገን የበሰቃ ሐይቅ፣ በሌላው የፈንታሌ ተራራ ታየ፤ ከአዋሽ በኋላ ግራር፣ ግመልና ድንጋያማ ሜዳ ብቻ ነው። ለሠርግ በባቡር የምትሄዱ ከሆነ የጉዞውን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ባቡሩ በፈለጋችሁት ቀን ሁሉ ላይነሣ ይችላል። ስንቅና ውኃም ያዙ።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። በባጃጅ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሆቴላችን ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ክፍሉን ከመቀበላችን በፊት ሦስት ነገር አየን፤ ቧንቧው ውኃ መስጠቱን፣ ማራገቢያው መሥራቱንና አልጋው አጎበር እንዳለው። ጥር ለድሬዳዋ ደግ ወር ነው፤ ቀኑ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም፣ ሌሊቱም ያስተኛል። የወባና የደንጌ ትንኝ ያለበት ከተማ ስለሆነ ግን አጎበር አይናቅም። የሙሽራዋ ታላቅ እህት ደውላ «እራት ቤት ነው የምትበሉት» ብላ ሞገተችን። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ እኛን ለእሑድ አቆዪን፤ ዛሬ እናንተ ዕረፉ» አለቻት። ሳንቡሳና ሻሂ በወተት ይዘን ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ የጉዞ ድካም ላለበት ሆድ ከዚህ የተሻለ እራት አላውቅም።

ዓርብ

ድሬዳዋ በጠዋት የምትታይ ከተማ ናት። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከተማዋ ራሷ ትተኛለች፤ ወደ 11 ሰዓት ግድም እንደገና ትነቃለች። ፕሮግራማችሁን በዚህ ልክ ስፉት።

ቁርስ ፉል ነበር። እኛ ጾመኞች ስለነበርን በዘይት፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቶ ከትኩስ ዳቦ ጋር መጣልን። በፍስክ ቀን እንቁላልና እርጎ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ ግን ከጎኑ ፈጢራ እንድታዝዙ እመክራለሁ። የፈጢራ ሠሪውን እጅ ቆሞ ማየት በራሱ ጉብኝት ነው፤ ሊጡን በዘይት እየዳበሰ ሥስ አድርጎ ይለጥጠዋል፣ እንቁላል መሐሉ ላይ ያፈስሳል፣ አራት ማዕዘን አድርጎ ያጥፈዋል፣ ሲበስል ከትፎ ማር ያፈስበታል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። በተለይ የሠርግ ሰሞን ይበቃል፤ እሑድ የሚጠብቃችሁን እያሰባችሁ ብሉ።

ከዚያ ወደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ሄድን። ድሬዳዋን ያለ ባቡሩ መረዳት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ የታሰበው መስመር በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ነገር ግን የሐረርን ተራራ በባቡር መውጣት ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ፤ ሐዲዱም ከታች ባለው ሜዳ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማ ተወለደች፤ መጀመሪያ ላይም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ወደ 15 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑና ፈረንሳዩ በዚህ ምክንያት መጡ፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶችና መንገዱን የሚያለብሱት ዛፎች የእነዚያ ዓመታት ልጆች ናቸው።

የጣቢያው ቢጫ ሕንፃ ፊት ለፊት ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ነገር ከኋላው ያለው ወርክሾፕ ነው። አስፈቅዳችሁ፣ የሚጠየቀውን ከፍላችሁ ግቡ። እኛን የመሩን አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያረጁትን ማሽኖች አንድ በአንድ እየነኩ ይህ ብሎን የሚያወጣ፣ ያ መንኮራኩር የሚያለሰልስ እያሉ አስረዱን። እናቴ ከቆሙት ፉርጎዎች መሐል አንዱን አይታ «ጋሼ፣ ይሄ ሦስተኛ ማዕረግ አይደለም?» ስትላቸው ፊታቸው በራ፤ ከዚያ በኋላ እኛን ትተው ከእሷ ጋር ብቻ ማውራት ጀመሩ። ባቡርን የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ እዚህ ቦታ ግማሽ ቀን ስጡት። እሑድ ሁሉ ነገር ስለሚዘጋ ለሠርጉ ቀን አታቆዩት።

ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ስላለ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። እኛም ወደ ክፍላችን ተመለስን። ማታ ከጾም ነፃ የሆኑት የአክስቴ ልጆች ሐኒድ በሉ፤ በዝግታ የበሰለ የፍየል ሥጋ በሩዝ ላይ ነው፣ ከየመኖች የተወረሰ። ከዚራ በምሽት ሰላማዊ ናት። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸራል፣ ወንዶቹ በሽርጥ በራፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለመንገደኛውም «አቦ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል አይጠፋም።

ቅዳሜ

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ይታይበታል። በዚህ አሸዋ መታለል አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው በልቷል፤ የከተማው ሰው ዛሬም ቀኑን ሲያነሣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ከወንዙ ማዶ መጋላ አለ፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ ከከዚራ ፈጽሞ የተለየ ዓለም ነው።

ቀፊራ ገበያ የገባነው ከ1 ሰዓት በፊት ነው። የመግቢያው ቅስቶች ዐረብኛ ቅርጽ አላቸው፤ ከነሱ ሥር የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር ሴቶች አትክልት፣ ቅመም፣ ዕጣንና ወተት ዘርግተው ይሸጣሉ። ቋንቋው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይለዋወጣል። የግመል ወተት ለመቅመስ የሚያስቡ ሆዳቸውን ይወቁ፤ ላልለመደ ሰው የሠርጉን ዋዜማ አልመክርም። ቅመም ግን በልበ ሙሉነት ግዙ። ከቀፊራ ወደ ታይዋን ገበያ ተሻግረን ለእናቴ ድሪያ ገዛን፤ ቀጭን፣ ሰፊ፣ አየር የሚያስገባ ቀሚስ ነው፤ ለቤት ውስጥ ግርግር ከጥበብ ቀሚስ ይሻላል። ሐበሻ ቀሚሱ ለእሑድ ይቀመጥ።

ማታ የእንሶስላ ምሽት ነበር። እዚህ የእንግዳው ድርሻ መገኘት ነው፤ ጉብኝት የለም፣ ምግብ ቤት የለም። ሙሽራዋ መሐል ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እጇንና እግሯን ያሰማምራሉ። ከበሮው እስከ እኩለ ሌሊት አላረፈም። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ማታ የደረሱ እንግዶች ይህን ሁሉ አምልጧቸዋል፤ ለእኔ ከአዳራሹ ይልቅ ሠርጉ ይህ ነበር። የምትችሉ ከሆነ ቅዳሜን ከሠርጉ ቤት አትቅሩ።

እሑድ

ሥርዓተ ተክሊሉ በማለዳ ስለሚጀምር ከሆቴል ሳይነጋ ወጣን። ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ አዳራሹ ብዙ አልጽፍም፤ ሠርግ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽሮቹ ለፎቶግራፍ ሲሄዱ የሚኖረው ክፍተት ረጅም ስለሆነ አረጋውያንን ይዛችሁ ወደ ሆቴል ተመለሱና አሳርፏቸው።

ልጽፍ የምወደው ስለ ማዕዱ ነው። በድሬዳዋ ሠርግ ሁለት ማዕድ ይዘጋጃል። የሙስሊም እንግዶች ከብት በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ በተለየ ድስት፣ በተለየ ማጀት፣ በሙስሊም ጎረቤቶች ይሠራል፤ በሙስሊሞቹም ሠርግ ለክርስቲያኑ እንደዚሁ ይደረጋል። በዚህ ድግስ የሙስሊሙን ማዕድ የመሩት የሙሽራዋ እናት የረጅም ዘመን ጎረቤት ነበሩ። ወገባቸውን በሻሽ አስረው፣ ሩዙ እንዳይጎል፣ ሥጋው እንዳይቀዘቅዝ ሲሯሯጡ ላየ ሰው የራሳቸውን ልጅ የሚድሩ ይመስሉ ነበር። ከሩቅ የምትመጡ እንግዶች የትኛው ማዕድ የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ሳሕን አታንሡ፤ ጥያቄው ነውር የለበትም፤ አሳላፊዎቹም የለመዱት ነው። ዶሮው፣ ቁርጡና ጠጁ በአንድ ወገን፣ ሩዙ፣ ሳንቡሳውና የፍየል ሥጋው በሌላ ወገን፤ በመካከላቸው ያለው ሳቅ ግን አንድ ነበር።

ሰኞ

ከሠርግ ማግስት እስከ መልስ ያለው ጊዜ ሐረርን ለማየት የተመቸ ነው፤ ደጋሾችም የሚያርፉበት ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታችሁ የደንገጎን ጥምዝምዝ ስትወጡ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ሹራብ ያዙ። መንገዱ ላይ ደርቆ የነበረውና በቅርብ ዓመታት ውኃው የተመለሰው የሐረማያ ሐይቅ ይታያል፤ ቀጥሎ የጫት ገበያዋ አወዳይ ናት። የአክስቴ ልጆች ሐረር ላይ ተለይተውን ወደ ባቢሌ ቀጠሉ፤ የግመል ገበያው ሰኞና ሐሙስ ስለሚቆም ቀኑ ገጥሞላቸዋል።

እኔና እናቴ በሸዋ በር በኩል ጀጎል፣ በግንብ ወደተከበበችው አሮጌዋ ከተማ ገባን። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዙሪያው ወደ ሦስት ኪሎ ሜትርና ተኩል ነው፣ ጥንታዊ በሮቹም አምስት ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የአውሊያ ቦታዎች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያውን አይታችሁ፣ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ። መንገዱ እንዳይጠፋችሁ ብቻ አይደለም፤ የቤቶቹን በር የሚያስከፍትላችሁ እሱ ነው።

እኛ የሠርግ እንግዶች ስለሆንን አስጎብኚው ጉዞውን በሠርግ ዙሪያ አደረገልን፤ ሐሳቡ የእሱ ነው፣ ምስጋናውም ለእሱ። መጀመሪያ ወደ አንድ የሐረሪዎች ቤት ወሰደን፤ ጫማ አውልቀን ገባን። ሳሎኑ ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው በተለያየ መደቦች የተከፋፈለ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያይበት፤ ጊዲር ነደባ የእንግዶች ነው። ግድግዳው በሰፌድና በሙዳይ ተሸፍኗል። ወለሉ ቀይ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ከመግቢያው በስተግራ ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። አዲስ ሙሽሮች አንድ ሳምንት የሚቆዩት በዚያች ክፍል ነበር። እናቴ ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየችና «ታዲያ ምግቡ በየት ይገባላቸዋል?» ብላ የቤቱን እመቤት ጠየቀች። ወይዘሮዋ ምግቡ የሚቀበልባትን ትንሽ ቀዳዳ በጣታቸው አሳዩዋት፤ ሁለቱም ሳቁ። የተጠቀለለ ምንጣፍ ከበሩ በላይ ሲሰቀል ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለችው ያሳውቅ እንደነበርም ነገሩን። ስንወጣ የምንችለውን ገንዘብ ሰጠን፤ የሰው ቤት ነውና ባዶ እጅ አይወጣም።

ቀጥሎ የራስ ተፈሪ ቤት። በሕንድ ነጋዴ የተሠራ፣ የእንጨት ሥራው የሚያስደንቅ ሕንፃ ነው፤ ተፈሪ መኮንንና መነን የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ እንዳሳለፉ ይነገራል። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም በውስጡ ነው። የእጅ ጽሑፎቹን፣ የድሮ ሳንቲሞቹንና የሴቶቹን የሠርግ ጌጥ በደንብ እዩ፤ ከከተማው ሙዚየሞች አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። የራምቦ ቤት የሚባለው አጠገቡ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር ውስጥ በንግድ መኖሩ እውነት ነው፤ ሕንፃው ግን ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የጀጎል ጣሪያ ግን ደረጃውን መውጣት ያስመኛል።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናቸው ድምፅ ነው። ለመልሱ የሚጠብ ቀሚስ ካለ እዚያው ቆማችሁ ታስጠብባላችሁ። ጊዲር መጋላ የሥጋ ገበያ ነው፤ ጭልፊቶች ከላይ ያንዣብባሉ፤ ሥጋ ገልጦ የያዘ ሰው ሥጋው ከእጁ ይነጠቃል።

ምሳችን ሑልበት ነበር፤ አብሽ በደንብ ተመትቶ አረፋ እስኪሠራ፣ ከመረቅና ከዳቦ ጋር። ከሠርግ ቅባት በኋላ ሆድን ያሳርፋል። ከሰዓት በኋላ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጣን። ቡና የመሰለ፣ ቡና ያልሆነ፣ ለስላሳ መጠጥ ነው፤ ቡና የማይስማማቸው ሽማግሌዎች ይወዱታል።

ሲመሽ ወደ ፈላና በር። ጅቦቹን የሚያበላው ሰው እየጠራቸው ሥጋውን በእንጨት ያጎርሳቸዋል፤ ጎብኚም መሞከር ይችላል። በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራ ቀንም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። የሐረር ሰው ከጅብ ጋር ያለው ነገር ለጎብኚ ብሎ የተፈጠረ አይደለም። እናቴ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከመኪናው አያለሁ» ብላ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ ግን ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት። ፎቶግራፍ ስታነሡ ብልጭታውን አጥፉት፤ ጫጫታም አይበጅም። ከባቢሌ የተመለሱት ልጆች እዚያው ተቀላቀሉን። ሌሊቱን በደንገጎ መውረድ ስላልወደድን ጀጎል ውስጥ በአንድ የሐረሪ ቤት ዐደርን፤ በነደባ ላይ መተኛት ከሆቴል አልጋ ይልቅ ለዚህች ከተማ ይመጥናል።

ማክሰኞ

ጠዋት የምስጋና ያህል አጭር ነበር። ሐላዋ ገዝተን፣ በሸዋ በር ገበያ ትንሽ ዞረን ወደ ድሬዳዋ ወረድን። መልሱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ቀትሩን ተኛንበት። በመልሱ ላይ ሐላዋውን ለሙሽራዋ እናት ስንሰጥ «እናንተ ደግሞ ሐረርንም አያችሁ?» አሉ። ድካሙ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ስለ እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጨነቁም። ዶሮውን አቅርበው ከእናቴ ጎን ተቀመጡ፣ ሠርጉ ከተጀመረ ወዲህ ሲቀመጡ ያየናቸው ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ

ልጆቹ ሥራ ስላለባቸው በአውሮፕላን ሄዱ፤ እኔና እናቴ በባቡር። ከመሄዳችን በፊት ለቤት የሚወሰደውን ገዛን። የባቢሌ ለውዝ ልጆቹ ከገበያው በጆንያ ይዘው መጥተዋል፤ ጥሬውን መግዛት ይሻላል፣ ቤት ሲቆላ ይጣፍጣል። የሐረር ቡና ከጀጎል ውስጥ ቆልተው ከሚሸጡት በትኩሱ ይገዛል፤ ሳይፈጭ ውሰዱት፣ ከተፈጨ ሽታው አዲስ አበባ ሳይደርስ ይቀንሳል። ድሪያ ለእህቶችና ለጎረቤት ቀላል ስጦታ ነው፣ ሻንጣም አይከብድም። ፈጢራ ግን ለመንገድ አይሆንም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት እዚያው በትኩሱ ብሉት።